ይዞ መጠበቅ

ከዓመታት በፊት አንድ ድራይቨር (አንድን የኮምፒውተር ካርድ የሚያንቀሳቅስ ኮድ) ላይ የሠራሁት ስህተት አለ። ያኔውኑ ተስተካክሏል። ካርዱም ዛሬ ከአገልግሎት ወጥቷል። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ስለ ከርነል መቆለፊያ፣ ማለትም በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ ሁለት ሥራዎች አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ ስለሚያግደው ዘዴ፣ አዲስ ነገር ባነበብኩ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። ባለፈው ሳምንትም መጣ። እስቲ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2010 መጨረሻ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ከሴንሰር መረጃ የሚሰበስብ አንድ ካርድ ነበረን። ድራይቨሩን የጻፉት ከእኔ በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከሊነክስ ጋር አብሮ አይመጣም፤ እኛው ጋ የሚኖር ኮድ ነው። ከርነሉን ወደ 2.6.36 ስናሳድገው ድራይቨሩ ኮምፓይል አልሆን አለ። ምክንያቱ አንድ መስመር ነበር። ፕሮግራሞች ለካርዱ ትእዛዝ የሚሰጡበት «አይኦክትል» የሚባለው መግቢያ ከከርነሉ ተነሥቷል። የቀረው «አንሎክድ አይኦክትል» የሚባለው ብቻ ነው።

ልዩነታቸውን ስማቸው ይነግራችኋል። ትእዛዙ በድሮው መግቢያ ሲመጣ፣ ድራይቨሩ ከመጠራቱ በፊት ከርነሉ ራሱ ትልቁን መቆለፊያ፣ መላው ከርነል የሚጋራውን አንዱን፣ ይይዝለታል። ሥራው ሲያልቅም ይለቅለታል። በአዲሱ በኩል ግን ማንም ምንም አይዝለትም። ድራይቨሩ የራሱን ነገር ራሱ ማወቅ አለበት።

እኔም ቶሎ የታየኝን አደረግሁ። አንድ ሚውቴክስ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚይዘው መቆለፊያ፣ ፈጠርኩ። ትእዛዙን የሚፈጽመው ተግባር (ፋንክሽን) ሲጀምር ያዝኩት፣ ሲያልቅ ለቀቅሁት። ትልቁን የጋራ መቆለፊያ የራሳችን በሆነ ትንሽ መቆለፊያ ተካሁት ማለት ነው። ኮምፓይል ሆነ። ሞከርኩት፣ ሠራ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለካ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

## የማይሞተው ፕሮግራም

በሦስተኛው ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዬ መጣና «ማቆሚያው አልሠራ አለኝ» አለኝ። ሄጄ አየሁት። ሁለት ፕሮግራሞች ተከፍተዋል። አንደኛው መረጃውን የሚቀዳው ነው። «ቀጣዩ ባፈር ሲሞላ ቀስቅሱኝ» ብሎ ተኝቷል። ባፈር መረጃው የሚጠራቀምበት የማስታወሻ ቦታ ነው። የዚያን ቀን ሴንሰሩ ጠፍቶ ስለነበር ባፈሩ የሚሞላበት መንገድ የለም። ሁለተኛው የማቆሚያው ትእዛዝ ነው። ሥራው ካርዱን ማስቆምና የተኛውን መቀስቀስ ነው። አሁን ግን እሱ ራሱ ደርቆ ቀርቷል።

የፕሮሰሶቹን (በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች) ሁኔታ አየሁ። ቀጂው «ኤስ» ይላል። ተኝቷል፣ ግን ሲግናል ቢመጣለት ይነቃል። ማቆሚያው «ዲ» ይላል። ይህ ምንም ሲግናል የማይቀሰቅሰው እንቅልፍ ነው። በሲግናል 9 ልገድለው ሞከርኩ። አልሞተም። ደገምኩት። አሁንም አለ። የከርነሉን ሎግ ስከፍት ፕሮሰሱ ከ120 ሰከንድ በላይ ታግዶ መቆየቱን የሚናገር መልእክት ጠበቀኝ። ከሥሩ የጥሪዎቹ ቅደም ተከተል ተዘርዝሯል። እዚያ ውስጥ እኔ የጨመርኩት ሚውቴክስ አለ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ከማቆሚያው ጋር ታገልኩ። በመጨረሻ ሲሰለቸኝ ቀጂውን ገደልኩት። እሱ ወዲያው ሞተ። በዚያው ቅጽበት ማቆሚያውም ሥራውን ጨርሶ በሰላም ወጣ።

ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጥኩ ቀረሁ። ችግሩን ስፈልግ የቆየሁት ደርቆ በቀረው ፕሮግራም ውስጥ ነው። ያገደው ግን በሰላም የተኛው ነው። ቀጂው የተኛው የእኔን ሚውቴክስ እንደያዘ ነው። ማቆሚያው ያንን ሚውቴክስ ይጠብቃል። ቀጂው ደግሞ ማቆሚያው እስኪቀሰቅሰው ይጠብቃል። ክፍል ገብቶ ከውስጥ ቆልፎ የተኛ ሰው አስቡ። ቀስቅሰኝ ብሎ አደራ የሰጠው ደግሞ በሩ ላይ ለቆመው ሰው ነው።

ይህን ያህሉ ገባኝ። ያልገባኝ ሌላ ነው። ይኸው ኮድ በትልቁ መቆለፊያ ሥር ለዓመታት ሲሠራ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። ሚውቴክሱን የያዝኩት ያው ትልቁ ይያዝበት በነበረው ቦታ ነው። የለቀቅሁትም ያው ይለቀቅበት በነበረው ቦታ ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

ባልደረባዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ኮዱን አብሮኝ አየና እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ቆይ፣ ያ የድሮው መቆለፊያ ግን ምን ነበር የሚጠብቀው?»

አላውቅም ነበር። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስተካው ቆይቼ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም።

## ሲተኙ የሚለቅ መቆለፊያ

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ብዬ የከርነሉን ኮድ ከፈትኩ። ትልቁ መቆለፊያ፣ ቢኬኤል የሚሉት፣ እንደ ሌሎቹ መቆለፊያዎች እንዳልሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። አንድ ፕሮሰስ ቢኬኤልን እንደያዘ ሊተኛ ወደ ስኬጁለሩ፣ ፕሮሰሰሩን ለማን እንደሚሰጥ ወደሚወስነው ክፍል፣ ሲገባ፣ ስኬጁለሩ ራሱ መቆለፊያውን ይለቅለታል። ሲነቃ ደግሞ መልሶ ይይዝለታል። ድራይቨሩን የጻፈው ሰው ይህን ሁሉ በኮዱ ውስጥ አያየውም። እሱ የሚያየው ከላይ ተይዞ ከታች የተለቀቀ መቆለፊያ ነው። በመሃል ግን ሌላ ሰው ገብቶ ወጥቷል።

ሌላም ጸባይ አለው። የያዘው ፕሮሰስ እላዩ ላይ ደግሞ ቢይዘው ዝም ይላል። በእያንዳንዱ ፕሮሰስ መዝገብ ላይ ለዚሁ የተቀመጠ ቁጥር አለ። ካልያዘ -1 ነው። በያዘው ቁጥር አንድ ይጨምራል፣ በለቀቀው ቁጥር አንድ ይቀንሳል። ሚውቴክስ ከእነዚህ ሁለቱንም አያደርግም። ተኝተህም ይዘኸው ትቆያለህ። ሁለት ጊዜ ከያዝከው ራስህን ታግታለህ።

መጀመሪያ ሳነበው ይህ ምን ዓይነት መቆለፊያ ነው አልኩ። ታሪኩን ሳይ ግን አከበርኩት። ከሊነክስ 2.0 በፊት ከርነሉ የሚያውቀው አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነበር። የከርነል ኮድ ሲሠራ ሌላ ፕሮሰስ በመሃል አይገባበትም። የሚገባበት እሱ በፈቃዱ ሲተኛ ነው። ያን ሁሉ ድራይቨርና ፋይል ሲስተም የጻፉት ሰዎች ይህን እንደ መሬት ረግጠው ነው የጻፉት። በ1996 2.0 ሲወጣ፣ የአለን ኮክስ ሥራ ያለበት የብዙ ፕሮሰሰር ድጋፍ አብሮ መጣ። ያን ሁሉ ኮድ እንደገና መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ የድሮውን ዓለም የሚያስመስል መቆለፊያ ተሠራ። ካልተኛህ ማንም አይገባብህም፤ ከተኛህ ይገባብሃል። ቢኬኤል ይህ ነው። አንድ ፕሮሰሰር ብቻ የነበረበትን ጊዜ በመቆለፊያ መልክ ያቆየ ነገር ነው።

ያኔ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። በ1971 ኮፍማንና ሁለት ባልደረቦቹ ዴድሎክ (እርስ በርስ ተጠባብቆ መድረቅ) እንዲፈጠር አራት ሁኔታዎች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው ብለው ጽፈዋል። ነገሩ በአንድ ጊዜ ለአንድ ብቻ የሚሰጥ መሆን አለበት። የያዘውን በግድ የሚነጥቀው መኖር የለበትም። ጠባቂዎቹ ክብ መሥራት አለባቸው። አራተኛው ደግሞ ይዞ መጠበቅ ነው፤ አንዱን እንደያዙ ሌላውን መጠበቅ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ዴድሎክ የለም። ቢኬኤል ሲተኙ በመለቀቁ ይህችን አራተኛዋን ያጎድላት ነበር። እኔ በሃያ ደቂቃ መልሼ አስገባኋት።

በአማርኛ «ጠበቀ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። ዘብ መቆምም መጠበቅ ነው፣ እስኪመጣ ድረስ መቆየትም መጠበቅ ነው። መቆለፊያው መረጃውን ይጠብቃል። ፕሮሰሱ ካርዱን ይጠብቃል። የድሮው መቆለፊያ ሁለተኛው መጠበቅ ሲጀምር የመጀመሪያውን ያቆም ነበር። የእኔው ሁለቱን አንድ ላይ አሰራቸው። ይህን ያየሁት ለባልደረባዬ ሳስረዳው ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ይጠብቃል» ብዬ ሁለት ጊዜ ተናገርኩና አፌ ላይ ቆመ።

## ኬብሉ ምንም አላጠፋም

መፍትሔው ቀላል መሰለኝ። ከመተኛቴ በፊት ሚውቴክሱን እለቃለሁ፣ ስነቃ መልሼ እይዛለሁ። ስኬጁለሩ ያደርግ የነበረውን በእጄ ላደርገው ነው። ግን የባልደረባዬ ጥያቄ መልስ አላገኘም። ምን ነበር የሚጠብቀው? ልለቀው ከሆነ፣ ስለቀው ምን እንደሚጋለጥ ማወቅ አለብኝ። ስለዚህ ወረቀት አወጣሁና በዚያ ተግባር ውስጥ የሚነካውን እያንዳንዱን ተለዋዋጭ ጻፍኩ። አጠገቡ ማን ማን እንደሚነካው ጻፍኩ።

የካርዱ ማዋቀሪያ ሬጂስተሮች፣ ካርዱ ቅንብሩን የሚያነብባቸው ቦታዎች፣ አሉ። እነሱን የሚነካው ይህ ተግባር ብቻ ነው። ሚውቴክስ ይበቃቸዋል። ቀጥሎ ስንት ባፈር እንደሞላ የሚቆጥር አንድ ቁጥር አለ። ፕሮግራሙ አንድ ባፈር ሲወስድ ይህ ተግባር ከቁጥሩ አንድ ይቀንሳል። ካርዱ አንድ ባፈር ሲሞላ ደግሞ የኢንተራፕቱ ኮድ (ካርዱ ፕሮሰሰሩን አቋርጦ ሲጠራው የሚሠራው) አንድ ይጨምራል።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ኢንተራፕት ቢኬኤልን አይጠይቅም። ጠይቆም አያውቅም። አንደኛው ፕሮሰሰር ቢኬኤልን ይዞ ቁጥሩን ሲቀንስ፣ በሌላው ፕሮሰሰር ላይ ኢንተራፕት መጥቶ ያንኑ ቁጥር ሊጨምር ይችላል። ቁጥሩ 5 ነው እንበል። ሁለቱም 5 ብለው ያነባሉ። አንዱ 4 አድርጎ ይጽፋል፣ ሌላው 6 አድርጎ ይጽፋል። ትክክለኛው መልስ 5 ነበር። ኋላ የጻፈው 4 ከሆነ አንድ የሞላ ባፈር ይረሳል። 6 ከሆነ አንድ ያረጀ ባፈር እንደ አዲስ ሁለተኛ ይነበባል።

እኛ ደግሞ ይህን እናውቀዋለን። በየጥቂት ሳምንቱ አንድ ፋይል ውስጥ አንድ ቁራጭ ይጎድላል፣ ወይም ሁለት ጊዜ ይገባል። ሁሌም ጥፋተኛው ኬብሉ ነበር። ኬብሉን ሁለት ጊዜ ቀይረነዋል። ከቁጥሩ በላይ የድሮ ሰዎች የጻፉት አስተያየት አለ፦ «ቢኬኤል ተይዟል፣ አያሳስብም»። የጻፈው ሰው ከልቡ አምኖበት ነው። እኔም ስንት ጊዜ አንብቤው አልፌዋለሁ።

ለዚያ ቁጥር ስፒንሎክ፣ ጠባቂው ሳይተኛ እየዞረ የሚጠብቀው መቆለፊያ፣ አበጀሁለት። ከተግባሩ በኩል ሲያዝ በዚያ ፕሮሰሰር ላይ ኢንተራፕት ይዘጋል። ካልተዘጋ ኢንተራፕቱ እዚያው ፕሮሰሰር ላይ ይመጣና፣ ራሱ ያቋረጠው ኮድ የያዘውን መቆለፊያ ለዘላለም እየዞረ ይጠብቃል። ቀጂው የሚተኛው ምንም ሳይዝ ሆነ። ያ የጎደለ ቁራጭ ከዚያ በኋላ ዳግም አልታየም።

## አስራ አምስት ዓመት ምን ወሰደ?

ከዚህ በፊት ቢኬኤልን ስለ ማስወገድ ስሰማ፣ ይህን ያህል ዓመት ለምን እንደሚፈጅ አይገባኝም ነበር። የዓለም ምርጥ ፕሮግራመሮች፣ አንድ መቆለፊያ። አሁን ይገባኛል። በ1996 የገባው በግንቦት 2011 ከ2.6.39 ጋር ወጣ። የመጨረሻውን ረጅም ጉዞ አርንድ በርግማን ነው የገፋው። ቀላል የሆኑትን ድራይቨሮች በስክሪፕት፣ ልክ እኔ እንዳደረግሁት፣ እያንዳንዱን ወደ የራሱ ሚውቴክስ ቀይሯል። ልዩነታችን እሱ ቀላል የሆኑትን ካልሆኑት አስቀድሞ መለየቱ ነው። ሥራው ያለውም መለየቱ ላይ ነው።

በ2008 የሆነው ደግሞ ይህ መቆለፊያ ምን ያህል ጥልቅ እንደገባ ያሳያል። 2.6.26 እየተዘጋጀ ሳለ የከርነሉ ሴማፎር፣ ጠባቂዎቹን እያስተኛ የሚያሰልፍ ሌላ ዓይነት መቆለፊያ፣ እንደ አዲስ ተጻፈ። ኮዱ ከበፊቱ ያጠረና ያማረ ነበር። ቢኬኤል በዚያን ጊዜ የተሠራው በሴማፎር ነው። ኤአይኤም7 በሚባለው መለኪያ ላይ ፍጥነቱ በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። ምክንያቱን ሳነብ ደነገጥኩ። አዲሱ ሴማፎር ፍትሐዊ ስለሆነ ነው። መቆለፊያው ሲለቀቅ በቀጥታ ለመጀመሪያው ተሰላፊ ይሰጣል። ተሰላፊው ግን ተኝቷል። እስኪነቃና ፕሮሰሰር እስኪያገኝ ድረስ መቆለፊያው ማንም ሳይሠራበት ተይዞ ይቆያል። በድሮው ግን ነቅቶ የሚሮጥ ፕሮሰስ ካለ ቀድሞ ይወስደው ነበር። የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ቢኬኤልን ወደ ስፒንሎክ መለሰው። የከርነል ፕሮግራመሩ ኢንጎ ሞልናር ደግሞ መቆለፊያውን ከሥሩ ለመንቀል የተለየ የኮድ ቅርንጫፍ ከፈተ። በአንድ መቆለፊያ ውስጥ የተደበቀ ሰልፍ አለመጠበቅ እንኳ ሌሎች የቆሙበት መሬት ሆኖ ነበር።

ሌሎቹም ከርነሎች ይህንኑ መንገድ ሄደዋል። ፍሪቢኤስዲ ጃይንት የሚለውን መቆለፊያ መሰባበር የጀመረው በ2000 ነው፤ የመጀመሪያውን ትልቅ ፍሬ ይዞ 5.0 የወጣው በ2003 ነው። እንዴት እንሰብረው በሚለው ላይ ያልተስማሙ በዚያው ዓመት ተለይተው ድራጎንፍላይን መሠረቱ። ኦፕንቢኤስዲ ብዙ ፕሮሰሰር የደገፈው በ2004፣ ከ3.6 ጀምሮ ነው። እዚያም ትልቁን መቆለፊያ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየሄዱ በትዕግሥት ነው የሚያነሡት። ስለዚህ አንድ የኔትወርክ ተግባር ከትልቁ መቆለፊያ ወጣ የሚል ዜና ሳነብ እንደ ትንሽ ነገር አላየውም። አንድ ሰው ተቀምጦ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ ስምና ነኪዎቹን ጽፏል ማለት ነው።

እርግጥ መሣሪያም አለ። ከ2006 ጀምሮ ሊነክስ ውስጥ ሎክዴፕ አለ። መቆለፊያዎች በምን ቅደም ተከተል እንደተያዙ እያየ ይመዘግባል። አንዱ መንገድ ሀን ይዞ ለን ከያዘ፣ ሌላው ደግሞ ለን ይዞ ሀን ከያዘ፣ ዴድሎኩ ገና ሳይደርስ ይናገራል። ዛሬ ያለሱ አልሠራም። የእኔን ስህተት ግን አያይም ነበር። የእኔ ቀጂ የሚጠብቀው ሌላ መቆለፊያ አልነበረም፤ እንዲሁ መቀስቀስን ነው። ያን ሎክዴፕ በዝርዝሩ ውስጥ አይጽፈውም።

## ስም የሌለው መቆለፊያ

ባለፈው ሳምንት ጥያቄውን የመለሰብኝ ፕሪኤምፕት አርቲ ነው። ሊነክስን ለጥብቅ የጊዜ ሥራ የሚያበቃው ይህ ሥራ ለ20 ዓመታት ያህል ከዋናው ከርነል ውጭ ኖሮ በ2024 ከ6.12 ጋር ገባ። ለምን ይህን ያህል እንደቆየ ሳነብ፣ ያንን ወረቀቴን መልሼ ያየሁ መሰለኝ።

ከርነሉ ውስጥ ብዙ ቦታ «ለጊዜው ከዚህ ፕሮሰሰር አታንሱኝ» ወይም «ኢንተራፕት ዝጉልኝ» የሚል ኮድ አለ። መቆለፊያ አይመስልም። ግን በዚያ ፕሮሰሰር ላይ እንደ መቆለፊያ ይሠራል። ምን እንደሚጠብቅ ግን የትም አልተጻፈም። ኮዱን የጻፈው ሰው ያውቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ይገምታል። በእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ላይ አንድ ትንሽ ቢኬኤል ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። በአርቲ ከርነል ውስጥ እንዲህ ያለ ጥቅል መዝጋት ጊዜን ያበላሻል። ስለዚህ አንድ በአንድ መፈታት ነበረበት።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ በ2020 ከ5.8 ጋር የገባው ሎካል ሎክ ነው። በተለመደው ከርነል ላይ የሚሠራው ያንኑ የድሮውን ነው፤ ፕሪኤምፕሽን (ፕሮሰሱን ከፕሮሰሰሩ ማንሣት) ወይም ኢንተራፕት ይዘጋል። አዲሱ ነገር ስም መያዙ ነው። ይህ መዝጊያ የዚህ መረጃ ነው ይላል። ስም ካለው ሎክዴፕ ያየዋል፣ የሚቀጥለው ሰው ያነበዋል፣ አርቲ ደግሞ ወደ እውነተኛ መቆለፊያ ይለውጠዋል። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። የማሽኑን ሥራ ምንም ሳይለውጥ የሰውን ዕውቀት ብቻ የሚጨምር ፓች ከርነሉ ውስጥ መግባቱ፣ ለእኔ ከማንኛውም የፍጥነት ግራፍ ይበልጣል።

የእኛ ድራይቨር ዛሬ የትም አይሠራም። ኮዱ ግን አሁንም አለኝ፣ ይህን ስጽፍ ከፍቼው ነበር። ከሚውቴክሱ በላይ ሦስት መስመር አስተያየት አለ። ሁለቱን የጻፍኩት ወረቀቱን የጨረስኩ ዕለት ነው፦ «የሚጠብቀው፦ የካርዱ ማዋቀሪያ ሬጂስተሮች። የማይጠብቀው፦ የባፈሩ ቁጥር፣ ለእሱ ስፒንሎኩን እይ።» ሦስተኛዋ የእኔ እጅ አይደለችም። ባልደረባዬ ኮዱን ሲገመግም የጨመራት ናት፦ «ይህን ይዘህ ካርዱን አትጠብቅ።»